ወረቀቴና የሼህ አልኑር ኮረብታ

ሥራዬ ምን እንደነበረ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። «እሳት ጠባቂ ነበርኩ» እላለሁ። «እሳት ደግሞ ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል? ማን ይሰርቀዋል?» ይሉኛል። ቀልዱን ስለለመድኩት እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሰው የምጠራበትን ቀንድና ገጀራዬን ለተተኪዬ አስረክቤ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዓይኔ ከጢስ ብዛት ስለደከመ ይህን የምጽፈው ፊደሉን እንደ ጀማሪ ተማሪ እያተለቅኩ ነው። ባልጽፍ የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም፤ ግን ከእኔ እጅ የወጣ አንድ ወረቀት አሶሳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት ተለጥፎ ኖሯል። ያ ወረቀት ምን እንዳደረገ በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሳልናገር የቆየሁትም እኔው ነኝ።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። ዳዊት ደግሜ፣ ቁም ጽሕፈት ተምሬ ለድቁና ስዘጋጅ ድምፄ ለዜማ እንደማይሆን መምህሬ ፊት ለፊት ነገሩኝ። ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ሰዎች ወደ ቤንሻንጉል አገር ሲወርዱ የሚጽፍ ሰው ይፈልጉ ስለነበር ሽመሌን ይዤ ተከተልኳቸው። እኛ ጎጃሞች ያለ ሽመል መንገድ አንወጣም። ዓባይን ስንሻገር ሽመሌ በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ ተሰበረ፤ ጓደኞቼም አሶሳ እስክንደርስ ድረስ «ይሄ ሰው ምርኩዙን ሰብሮ አገር ሊያቀና ነው» እያሉ ሲቀልዱብኝ ከረሙ።

አሶሳ ስንደርስ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ሣሩ በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ይደብቃል። ከሣሩ በላይ የሚታየው ቀርከሃ ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ቀርከሃ። የሰፈርንበትም ግቢ ከዚያው ተሠራ፦ ግድግዳው ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ ጎተራው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር። እኔ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ሆኜ የሚገባውንና የሚወጣውን ማርና የዝሆን ጥርስ እጽፍ ነበር። ስለ ቀለቤ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሲመጣ እበላለሁ፣ ሲዘገይ እበደራለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ፣ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ ስጽፍ በምሥራቅ በኩል ተኩስ ሰማሁ። ወታደሩ ሁሉ ጠመንጃውን አንሥቶ መሬት ላይ ተኛ። እኔም ከነብዕሬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ተኩሱ እየበዛ መጣ፤ ጠላት ግን የለም። ለካስ ቀርከሃ ሲቃጠል አንጓው እየፈነዳ እንደ ጠመንጃ ይጮኻል፤ ከደጋ የመጣን ሰዎች ይህን የሚያውቅ አንድም አልነበረንም። ጠላት ስንጠብቅ እሳቱ በሣሩ ላይ እየሮጠ መጥቶ አጥሩን ያዘው። ግምጃ ቤቱ ማሩን ይዞ ነደደ። ሰው አልሞተም።

አለቃችን ባሻ ወልዴ የሚባሉ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣና ቶሎ የሚሄድ ሰው ነበሩ። እኔ ያገኘኋቸው ቁጣቸው ሲመጣ ነው።

«አንተ ስትጽፍ እሳቱ ደጅህ ደርሶ አላየኸውም?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ጦር መስሎኝ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጽሕፈቱን ተወውና እሳት ጠብቅ!»

ቅጣት መሆኑ ነበር። በማግስቱ ቁጣቸው በረደ፤ ሹመቱ ግን እንደተነገረ ቀረ። እሳት እንዴት እንደሚጠበቅ ደግሞ እኔም አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። ስለዚህ ወደ አገሩ ትልልቅ ሰዎች ልከው «እሳት የሚያውቅ ሰው ስጡን» አሉ። የመጡት ሼህ አልኑር ናቸው።

ሼህ አልኑር የበርታ ሰው ናቸው። ሼህ ይባሉ እንጂ አስተማሪ አልነበሩም፤ ገበሬ ናቸው፣ ከእርሻቸው በላይ ያለውን የቀርከሃ ኮረብታ ደግሞ ከአባታቸው ጀምሮ የሚጠብቁ እሳቸው ነበሩ። መንደሩ በሙሉ ከዚያ ኮረብታ ይኖራል። ቤት የሚሠራው ከዚያ ነው፣ ጎተራ የሚጠለፈው ከዚያ ነው፣ የንብ ቀፎው፣ የበዓሉ መለከት ሳይቀር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ከነጋዴ የለቀሙት ነው። ዐይተውኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር ሽመሌ የት እንዳለ ነበር፤ ሰው ነግሯቸው ኖሯል። ከኮረብታው አንድ ቀርከሃ መርጠው ቆረጡና ሰጡኝ።

«ይሄ ባዶ አይደለም፣ ውስጡ ሙሉ ነው። ወላሂ አይሰበርም» አሉኝ።

እውነትም የዚያ አገር ቀርከሃ ደጋ እንደማውቀው ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ድፍን ነው። ያን ሽመል ለብዙ ዓመት ይዤዋለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ እሳትን በእሳት መከላከል ነው። ሣሩ ሳይቃጠል የሚከርምበት ዓመት የለም፤ ጥያቄው መቼና በማን እጅ ይቃጠላል የሚለው ነው። የካቲት ላይ በነፋስ ከሄደ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ዝናቡ እንደቆመ፣ ሣሩ ግማሹ እርጥብ ሳለ ካቃጠሉት ግን እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ጉልበት እያነሰው ይሄዳል፤ የቀርከሃውን እግር ሳይነካ ሥር ያለውን ቆሻሻ ብቻ ጠርጎ ያልፋል። ይህን ለመሥራት ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሼህ አልኑር ቀን ሲመርጡ ማየት ለብቻው ትምህርት ነበር።

አንድ ጭብጥ ሣር ይነቅሉና ያጥፉታል። ታጥፎ ዝም ካለ «ገና» ይላሉ። ባንዴ ከተሰበረ «ኸላስ፣ አልፏል» ብለው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። አንዴ ሲያጥፉት ተርፎ ሁለተኛ ሲያጥፉት የተሰበረ እንደሆነ ግን ቀኑ ያ ነው። የዓስር ሶላታቸውን ይሰግዳሉ፤ ከዚያ ከኮረብታው አናት ጀምረው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርገው፣ ቁልቁል ይለኩሳሉ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ እሳቱ መጥፋት አለበት፤ የቀረውን ጤዛው ይጨርሰዋል። ሲያጠፉ ማጥፊያውን እርጥብ ቅጠል ከፍ አድርጎ መምታት አይወዱም፤ ብልጭታ ይበትናል። ቅጠሉን እሳቱ ላይ ጭኖ መጎተት ነው። ከተፈጸመ በኋላ እያንዳንዱን ሰው ትከሻውን እየነኩ ይቆጥራሉ። ቅላቸው በውኃ የተሞላ ቢሆንም ሰው ተቆጥሮ ሳያልቅ አይጠጡም ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከመለኮሳቸው በፊት ሊቃጠል ወደታሰበው ቦታ መካከል ገብተው ቁጭ ይላሉ። ብቻቸውን፣ ለረጅም ጊዜ። ከፊታቸው፣ ከኋላቸው፣ ከግራና ከቀኛቸው ሣር እየነቀሉ ሥሩን ያያሉ፣ ይጥሉታል። እኛ ያን ሁሉ ሰው ይዘን ቆመን እንጠብቃለን። እኔ ዕድሜያቸው ገፍቶ ስለደከማቸው የሚያርፉ ይመስለኝ ነበር። አክብሬያቸው ዝም እላለሁ።

በአራተኛው ዓመት፣ ጽሕፈቴ ስለናፈቀኝ ነው መሰል፣ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። በጥቅምት መጨረሻ ሳምንት፣ ከአናት ወደ ታች፣ በነፋስ ፊት፣ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ስፋት ያለው የተመነጠረ መስመር እያልኩ በተራ አስቀመጥኩ። ባሻ ወልዴ በጣም ደስ አላቸውና ማኅተም አሳርፈውበት ግድግዳ ላይ አስለጠፉት። ለሼህ አልኑር አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ዘንድሮ ዝናብ መቼ ቆመ፣ ይሄ ወረቀት ያውቃል?» አሉ።

«በጥቅምት ነው የሚቆመው፤ ለዚያ ነው በመጨረሻው ሳምንት ያልኩት።»

«እሺ። ቁጭ ማለት የት ነው? ቁጭ ማለት አልጻፈም አንተ?»

«ሼህ፣ ዕረፍት በትእዛዝ ላይ አይጻፍም» ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸውም ፈገግ አሉ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሡትም። እዚያ ላይ ለምን እንደሳቅኩ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ሼህ አልኑር ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ዘይነብ። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ቀርከሃ ሰንጥቃ ጎተራ ስትጠልፍ እጇ አይታይም፤ ከሱዳን ወሰን፣ ከኩርሙክ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የእሷን ምንጣፍ ይፈልጉ ነበር። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በዚያ ሥራ ነው ያሳደገችው። እኔን «ያ አኹይ» ትለኛለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ቤተ ዘመድ ለሌለኝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሼህ አልኑር ሐጅ የሄዱበትን ዓመት አልረሳውም። የዚያን ዓመት ቃጠሎ አብረን ጨርሰን፣ በማግስቱ በኩርሙክ በኩል ሊወጡ ተነሡ። መንገዱ ደርሶ መልስ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ትከሻዬን ያዙና ወደ ኮረብታው አመለከቱ።

«ይሄ አማና ነው» አሉኝ። «አንተ ጋ አስቀመጠ እኔ።»

«አደራዎን እጠብቃለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ከሄዱ ሦስት ወር ሳይሞላ ኮረብታው አበበ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በመንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ ከአንድ ሁለት በጣም ያረጁ ሴቶች በቀር፣ እነሱም ትዝታቸው የተምታታ ነው። ቀርከሃው ሁሉ ባንድ ጊዜ፣ ከጫፍ እስከ እግሩ ገብስ የመሰለ ዘለላ አወጣ። ቅጠሉን አራገፈ። ፍሬው ሲረግፍ ሴቶቹ እየጠረጉ በእንቅብ ሰበሰቡ፣ ፈጭተው ገንፎ ሠሩት፤ እኔም በልቻለሁ፤ መጥፎ አይደለም። ግማሹ ሰው ሲሳይ ነው አለ፣ ግማሹ የመዓት ምልክት ነው አለ። ግንቦት ሲገባ ቀርከሃው ቆሞ ደረቀ። ያ ሁሉ ኮረብታ አንድ እርጥብ ዘንግ አልቀረበትም።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ በደረቁ ቀርከሃ ሥር ሣር በቀለ። ጥቅጥቅ ያለ፣ ለምለም፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሣር። ባሻ ወልዴ ተነሥተው በምትካቸው ቀኛዝማች ጓንጉል የሚባሉ ሥርዓት አጥባቂ ሰው መጥተው ነበር። ኮረብታውን ዐይተው ደነገጡ። «ይህ ሁሉ ደረቅ እንጨት የካቲት ላይ ቢያያዝ ከተማው አይተርፍም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወረቀቱን እያሳዩኝ «ትእዛዙ ግልጽ ነው» አሉ። የገዛ እጄን ጽሕፈት ለእኔ አነበቡልኝ። እኔም ኮራሁ። የጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ደረሰ።

ልንለኩስ ስንወጣ ዘይነብ ከመንደሩ በኩል እየሮጠች መጣች።

«ያ አኹይ፣ አባቴ ቢኖር ይሄን አያቃጥልም» አለችኝ።

«ለምን?»

«እኔ አላውቅም። አባቴ መጀመሪያ ቁጭ ይላል፣ ያያል። አንተ ቁጭ አላለም።»

«ዘይነብ፣ ይህ ትእዛዝ ከአባትሽ አፍ የተጻፈ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም» አልኳት። ሠላሳ ያህል ሰው ቅጠል ይዞ ቆሟል፤ ሣሩን አጥፌ ሞክሬዋለሁ፤ ነፋሱ ልክ ነው፤ ቀኛዝማቹ በበቅሎ ሆነው ያያሉ። በዚያ ሁሉ ፊት ሣር ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አሳፈረኝ። እውነቱ ይኸው ነው።

ቃጠሎው በሥራ ዘመኔ ካደረግኩት ሁሉ ያማረው ነበር። ደረቁ ቀርከሃ እየፈነዳ ወደቀ፤ አንዲት ብልጭታ ከመስመሩ አልወጣችም፤ ከመግሪብ በፊት ጠፋ። ሰዎቹን ትከሻቸውን እየነካሁ ቆጠርኩ። ቀኛዝማቹ በሰው ፊት ካባ አለበሱኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ኮረብታው ላይ እሾህና ረጅም ሣር በቀለ። ቀርከሃ ከእግሩ ያቆጠቁጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አላቆጠቆጠም።

ሼህ አልኑር የተመለሱት ዝናቡ እንደቆመ ነው። ከስተዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ሰው ሁሉ ሊሳለማቸው ሲወጣ እሳቸው ቀና ብለው ኮረብታውን ዐዩ። እጄን ይዘው ወጣን። መካከሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አፈሩን በጣታቸው እየጫሩ ቆዩና የከሰለች፣ እንደ ስንደዶ የቀጠነች ነገር አወጡ። መዳፌ ላይ አስቀመጧት። አንጓ ነበራት።

«ቀርከሃ ሲሞት ፍሬ ይጥላል» አሉ። «ፍሬ ሲበቅል ሣር ይመስላል። ሦስት ዓመት ሣር ነው። እሳት ሦስት ዓመት ማፊ፤ አይገባም። ደረቁን ሰው ቆርጦ ያወጣል፣ ዙሪያውን ይመነጥራል፣ ይጠብቃል።»

«ሼህ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«እኔ ልጅ ነበር፣ አንዴ ብቻ አየ። አባቴ ቁጭ ብሎ ነቀለ፣ አሳየ። በኔ ዘመን ሁለተኛ ይመጣል አላለም እኔ።» አፈሩን ከጣታቸው አራገፉ። «እኔ አልነገረም። አንተ ቁጭ አላለም። ሁለታችን ነው።»

አለቀስኩ። ከዚያ የበለጠ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዕዳውን ከእኔ ጋር እኩል መካፈላቸው ነው የከበደኝ፤ ምክንያቱም እኩል አልነበረም። እሳቸው የረሱት የአንድ ቀን ነገር ነው፤ እኔ ግን ዓመት በዓመት ሲነቅሉ እያየሁ ምን እንደሚያዩ አንዴም አልጠየቅኩም።

ከዚህ የባሰ ሌላም አጠፋሁ። ቀኛዝማች ጓንጉል «ኮረብታው ለምን አልመለሰም?» ብለው ሲጠይቁኝ «ድርቁ ይሆናል» አልኩ። እውነቱን ብናገር ወረቀቱ ይነሣ ነበር፤ ግን ካባውም ይነሣል፣ ስሜም ይነሣል። ሼህ አልኑር ወደ ጽሕፈት ቤት መጥተው የሚከሱ ሰው አይደሉም። ወረቀቱ ከነማኅተሙ ግድግዳው ላይ ቀረ።

መንደሩ ቀርከሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን መጓዝ ጀመረ። በቀርከሃ ይሠራ የነበረው ጎተራ በጭቃ ሆነ፤ ምስጥ ገባበት። የበዓል መለከት ከሌላ አገር በልመና መጣ። ዘይነብ መጥለፏን ትታ ገበያ ላይ ጨው ስትቸረችር አየኋት። ሰላምታ አልነፈገችኝም። ያን ቀን ግን «ደኅና ዋልክ፣ ጸሐፊ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያ አኹይ የሚለውን ከአፏ አልሰማሁም።

ዝውውር ጠየቅኩ። በሥራ ምክንያት ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ሸሽቼ ነው። መጀመሪያ ባምባሲ ነበርኩ። እዚያ ኦሮሞዎቹ ገበሬዎች ከብት ይዘው ስለሚውሉ ሣሩ አጭር ነው፤ ሥራዬ ከእሳት ይልቅ በግጦሽ የሚጣላ ሰው ማስታረቅ ሆነ። ቀጥሎ ቶንጎ ተላክሁ። ቶንጎ ሌላ ዓለም ነው፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥላው እርጥብ ነው፤ እሳቱ የሚነሣው ማር ቆራጮች ጢስ ይዘው ዛፍ ላይ ሲወጡ ነው። ከማዖዎቹ ማር ቆራጮች ጋር እየዋልኩ ችቦውን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ መያዝና ሲወርዱ ጭቃ ውስጥ መንከር አስለመድኳቸው፤ ብዙውን እነሱው ነው የፈለሰፉት። የቶንጎው አለቃዬ ነብር ለማስወጣት አንድ ሸለቆ አቃጥል ብለው አዘዙኝ። ሸለቆው ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ ነቀልኩ፣ ዐየሁ፤ ተመልሼም አይቃጠልም አልኳቸው። ሦስት ሳምንት አላናገሩኝም። ነብሩም በራሱ ጊዜ ሄደ።

ሼህ አልኑር ማረፋቸውን ቶንጎ ሳለሁ ከነጋዴዎች ሰማሁ። እሳቸው የሰጡኝ ሽመልም በዚያው ሰሞን ወንዝ ስሻገር ከእጄ አመለጠና ውኃ ወሰደው። አይሰበርም ብለውኝ ነበር፤ እውነትም አልተሰበረም። ባዶ እጄን ዳር ላይ ተቀምጬ ስለ ሽመሉ ይሁን ስለ እሳቸው እንደማለቅስ ሳላውቅ አለቀስኩ።

በመጨረሻ አሶሳ መለሱኝ። ኮረብታው እንደተራቆተ ነበር። ወረቀቱም እንዳለ ነበር፤ ቢጫ ሆኗል እንጂ ይነበባል። ጥቂት ዓመት ሠራሁ፤ ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ በአጠገቤ ሲሠራ ለቆየ ደምሴ ለሚባል ትጉህ ሰው አስረከብኩ። በጡረታዬ የሰጡኝ መሬት ትንሽ ናት፤ ትበቃኛለች።

ባስረከብኩበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ በባምባሲ መንገድ ያለው ትልቁ የቀርከሃ ደን አበበ።

ሰው ነገረኝ እንጂ አላየሁትም። ሄጄ ዘለላውን በእጄ ዳበስኩት። ገብስ ይመስላል። ያ ደን ከሼህ አልኑር ኮረብታ ብዙ ይበልጣል፤ ኮረብታው ከጠፋ ወዲህ አሶሳም ያ መንደርም ቤት የሚሠራው ከዚያ ነው። እሱ ከጠፋ ሌላ የለም። ግንቦት ላይ ደረቀ። ክረምት ላይ ከሥሩ ሣር በቀለ።

ለደምሴ ነገሩን ዳር ዳሩን ነገርኩት፤ «ዘንድሮ ብትተወው ይሻላል» አልኩት እንጂ ምክንያቱን አልገለጽኩም። ፊት ለፊት መናገር አሁንም ከበደኝ። እሱ ደግሞ ሥርዓት ያስተማርኩት ሰው ነው፤ የጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ሲደርስ ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ስሰማ ተነሥቼ መንገዱን እየዳበስኩ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሰው ክንዴን ያዘ። ዘይነብ ናት። እሷም ወደዚያው እየሄደች ኖሯል። ተያይዘን ደረስን።

ደምሴ ፍሙን ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ ምነው በዚህ ፀሐይ?» አለኝ።

«አትለኩስ።»

«እንዴት? ወረቀቱ ያዛል። የራስዎ ጽሕፈት ነው። ይህ ደረቅ እንጨት ቢያያዝ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ሰዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ዘይነብም ክንዴን እንደያዘች ናት።

«ያን ኮረብታ ታውቀዋለህ?» አልኩት። «ድርቅ አልገደለውም። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ በዚያ ወረቀት፣ በዚህ ሳምንት፣ ልክ እንዲህ ሰው አስቁሜ። ሣር መስሎኝ የቀርከሃ ቡቃያ አቃጠልኩ። ካባ አለበሱኝ፣ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።»

የዘይነብ እጅ ክንዴ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ፤ ከእኔ አፍ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አሁን ግባና ቁጭ በል» አልኩት ደምሴን።

«ጋሼ...»

«ቁጭ በል፤ ከአራቱም ጎንህ ንቀል፤ ሥሩን እይ።»

ፍሙን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ገባ። ነቀለ፤ ሣር ነው። ነቀለ፤ ሣር ነው። አንዱ ሳቀ። ሦስተኛውም ሣር ሆነ። እኔ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት በሕይወቴ ሙሉ የተሸከምኩት ሌላ ነገር ይሆናል እያልኩ ቆሜያለሁ። አራተኛው አልነቀል አለው። በገጀራው ጫፍ ቆፍሮ አወጣው። ዘይነብ ተቀበለችውና ሽፋኑን በጥፍሯ ስትልጥ ድምፁን ሰማሁ። ጎተራ ስትጠልፍ የምሰማው ድምፅ ነው።

«አንጓ አለው» አለች። «ቀርከሃ ነው።»

ደምሴ ቡቃያውን ተቀብሎ አንጓውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ተነሥቶ ፍሙን ከያዘው ሰው ተቀበለና መሬት ላይ ጥሎ በእግሩ ረገጠው። በዚያው ቀን ሰዎቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ደረቁን ቆርጦ እንዲያወጣ፣ ግማሹን ዙሪያውን እንዲመነጥር አሰማራቸው። ሦስት ዓመት እንዲያ ተጠበቀ። የካቲት በመጣ ቁጥር እሱም እኔም እንቅልፍ አልነበረንም።

እኔ በበኩሌ ካባውን ይዤ ጽሕፈት ቤት ሄድኩና ለአሁኑ ሹም ሁሉን ነገርኳቸው። ካባውን አልተቀበሉኝም፤ ብል በልቶት ነበር። ወረቀቱን ግን አወረዱልኝ። እዚያው ተቀምጬ፣ ዓይኔ እንደፈቀደልኝ፣ አዲስ ጻፍኩ። ወርም ሳምንትም አላስቀመጥኩበትም። የመጀመሪያው መስመር «መካከሉ ላይ ቁጭ በል፤ ነቅለህ እይ» የሚል ነው።

ባለፈው ሳምንት ዘይነብ ቤቴ መጣች። እሷም አርጅታለች፤ ደጃፉ ላይ አረፍ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ አንድ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ቀጭን ነው፣ ገና ያልጠነከረ፤ አንጓውን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ጫፉን አለስልሳዋለች። ውስጡ ሙሉ ነው።

«ከየት ነው?» አልኳት፣ እያወቅኩ።

«ከባምባሲ መንገድ። ያ ሣር ነው» አለች። «ያዘው፣ ያ አኹይ።»

እስከ መንገዱ ድረስ ተደግፌው ሸኘኋት።